የመኖሪያ ቤት የመኪና በርን መቀየርና የመኪና ማሳደሪያን ወደ ሌላ አገልግሎት መለወጥ፦ ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በከተሞች የሚኖሩ በርካታ የቤት ባለቤቶች ያረጀውን የመኪና በር በአዲስ ለመተካት፣ ወይም የመኪና ማሳደሪያውን ራሱን ወደ መኝታ ክፍል፣ ወደ ሱቅ ወይም ወደሚከራይ ቤት ለመለወጥ ይነሣሉ። ሥራው ከውጭ ሲታይ አንድ የብረት ሠራተኛና ጥቂት ቀናት የሚበቁት ይመስላል። በተግባር ግን የሕንፃ ፈቃድን፣ የይዞታ አጠቃቀምን፣ የቤተሰብንና የመንገደኛን ደኅንነት የሚነካ ጉዳይ ነው። በአግባቡ ያልተተከለ ተንሸራታች በር ከሐዲዱ ወጥቶ ሲወድቅ ሰው ይገድላል፤ አየር እንዲገባበት ሳይታሰብ ክፍል የተደረገ የመኪና ማሳደሪያ ደግሞ የከሰል ጭስ አፍኖ የሚይዝ ሣጥን ይሆናል።

አስቀድሞ ስለ ስያሜው አንድ ነገር መጥቀስ ይጠቅማል። በአማርኛ የዕለት ተዕለት አነጋገር «ጋራዥ» የሚባለው በአብዛኛው ተሽከርካሪ የሚጠገንበት የሥራ ቦታ ነው። ስለዚህ ለወረዳ ወይም ለክፍለ ከተማ በሚቀርብ ማመልከቻ ላይ «ጋራዥ ልሠራ» ብሎ መጻፍ ጥያቄውን ወደ ሌላ መስመር ሊወስደው ይችላል። በሕንፃ አዋጁ የምድብ አከፋፈል የጥገና ሥራ ቤት የሚመደበው ከመኖሪያ ቤት ጋር ሳይሆን ከፋብሪካና ከሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ጋር ነው። «የመኖሪያ ቤት የመኪና ማሳደሪያ» ተብሎ ቢጻፍ ይህን መመላለስ ያስቀራል።

ፈቃድ የሚያስፈልገው የትኛው ሥራ ነው?

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 «ግንባታ» የሚለውን ቃል ሲተረጉም አዲስ ሕንፃ መሥራትን ብቻ ሳይሆን ነባር ሕንፃን ማሻሻልንና የሕንፃን አገልግሎት መለወጥንም አካቶ ነው። የብዙ ተገልጋዮች ስሕተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። «አዲስ ቤት አልሠራሁም፤ የነበረውን ነው ያስተካከልሁት» የሚለው መልስ በተለምዶ ቢሰማም በሕግ ፊት የሚጸና ምክንያት አይደለም።

ጉዳዩን ቀለል አድርጎ ለማየት ሥራው ግድግዳውን ወይም አገልግሎቱን ይነካ እንደሆነ መጠየቅ ይበቃል። የዛገውን የላሜራ በር አውርዶ በዚያው ክፍተት፣ በዚያው ስፋትና ቁመት ሌላ በር መግጠም የጥገና ጠባይ ያለው ሥራ ነው። ክፍተቱን ማስፋት፣ ከፍ ማድረግ፣ በብሎኬት መድፈን ወይም በሌላው የአጥር ገጽ አዲስ መግቢያ መክፈት ግን ሕንፃን ማሻሻል ነው። ግድግዳው ሳይነካ እንኳ መኪና ያድርበት የነበረው ክፍል ሸቀጥ የሚሸጥበት ወይም ሰው የሚያድርበት ሲሆን የአገልግሎት ለውጥ ተደርጓል ማለት ነው። እነዚህ ሁለቱ ሥራው ከመጀመሩ አስቀድሞ ለከተማው የሕንፃ ሹም ቀርበው ፈቃድ ሊሰጥባቸው ይገባል። ጥገና በሚመስለውም ሥራ ቢሆን፣ በሩ በዋና መንገድ ላይ የሚከፈት ከሆነ ወይም አካባቢው የተለየ የአጥርና የቀለም ደንብ የወጣለት ከሆነ፣ ብረት ከመገዛቱ በፊት ወረዳውን መጠየቅ ከወጪ ያድናል። የከተሞች መመሪያዎች በየጊዜው ስለሚሻሻሉ ጎረቤት ከሦስት ዓመት በፊት የተፈቀደለትን ዛሬም እንደሚፈቀድ አድርጎ መውሰድ አያዋጣም።

ለፈቃዱ በተለምዶ የሚጠየቁት የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ፣ የባለቤቱ መታወቂያ፣ የዘመኑ የቦታ ኪራይና የቤት ግብር የተከፈለበት ደረሰኝ፣ እንዲሁም ነባሩንና የሚሠራውን ጎን ለጎን የሚያሳይ ንድፍ ናቸው። ባለቤቱ በውጭ ሀገር የሚኖር ከሆነ ወኪሉ የሚይዘው ውክልና ግንባታ ማከናወንንና ፈቃድ ማውጣትን በግልጽ የሚጠቅስ ሊሆን ይገባል፤ ቤት ለማስተዳደር ብቻ የተሰጠ ጠቅላላ ውክልና መስኮት ላይ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። ንድፉን በሚመለከት ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ የግል መኖሪያ ቤት በአዋጁ ምድብ «ሀ» ውስጥ የሚወድቅ በመሆኑ የሚጠየቀው ዝርዝር ለትልልቅ ሕንፃዎች ከሚጠየቀው ይቀልላል። ሆኖም ከበሩ በላይ ፎቅ ወይም የኮንክሪት ጣሪያ ካለ የመሐንዲስ አስተያየት ማያያዝ ሕጉ ባይጠይቅ እንኳ አስተዋይነት ነው።

የቤቱ ይዞታ ዓይነትም መልሱን ይለውጠዋል። በመንግሥት ቤት የሚኖር ተከራይ ከአከራዩ ተቋም የጽሑፍ ፈቃድ ሳያገኝ በር ማስፋትም ሆነ ክፍል መለወጥ አይችልም። በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ደግሞ የመኪና ማቆሚያው በአብዛኛው የጋራ መገልገያ እንጂ የአንድ ባለቤት ስላልሆነ፣ ከምድር ቤቱ ፊት ያለውን ቦታ በላሜራ ከልሎ መያዝ የባለቤቶቹን ማኅበርና የሕንፃ ሹሙን ያለፈ አድራጎት ይሆናል። በሊዝ የተያዘ ቦታ ከሆነ ውሉ ቦታው ለምን አገልግሎት እንደተሰጠ ስለሚገልጽ፣ ለመኖሪያ የተሰጠውን ወደ ንግድ ማዞር በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት አስቀድሞ የአጠቃቀም ለውጥ ማስፈቀድን ይጠይቃል።

በሩን መምረጥ

በሀገራችን ከተሞች በብዛት የሚታየው ባለ ሁለት ክንፍ የላሜራ በር ነው። ቀላልና በየሰፈሩ ባሉ የብየዳ ቤቶች የሚሠራ ሲሆን፣ ሲበላሽም እዚያው ይጠገናል። ጉዳቱ ለመከፈቻ ሰፊ ቦታ መፈለጉ ነው። ግቢው ጠባብ የሆነበት ሰው ክንፎቹ ወደ መንገድ እንዲከፈቱ ለማድረግ ይፈተናል። ይህ ሊደረግ አይገባም፤ የእግረኛ መንገድ የሕዝብ ነውና፣ በድንገት ወደ ውጭ የሚወረወር የብረት ክንፍ ዓይነ ስውርን፣ ሕፃንንና ሸክም የያዘን ሰው ቀድሞ ይመታል። ግቢው ካልበቃ መፍትሔው በአጥሩ ጎን የሚሄድ ተንሸራታች በር ወይም ወደ ላይ የሚጠቀለል በር ነው።

የበሩን ክብደት አስቀድሞ ማስላት እምብዛም አልተለመደም፤ ሊለመድ ግን ይገባል። 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ በካሬ ሜትር 11.8 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ስፋቱ 3.5 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ በር 8.75 ካሬ ሜትር ስለሆነ ላሜራው ብቻ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ነው፤ የቱቦላሬው ክፈፍና ጌጣጌጡ ሲጨመርበት ክብደቱ ከዚህ ብዙ ከፍ ይላል። ይህን ያህል ሸክም በነባሩ የብሎኬት አጥር ላይ በተቀበሩ ሁለት ማጠፊያዎች ማንጠልጠል ዓምዱን ቀስ በቀስ ይሰነጥቀዋል። አሮጌው በር ቀጭን ቆርቆሮ ከነበረና አዲሱ ከባድ ላሜራ ከሆነ የበሩ ዓምዶች አብረው ሊለወጡ ይገባል፤ ይኸውም ፌሮ ያለው የኮንክሪት ዓምድ በራሱ መሠረት ላይ ቆሞ ማለት ነው። ነፋስም ሊዘነጋ አይገባም፤ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ይህን በር ፊት ለፊት ሲመታው ከ200 ኪሎ ግራም ክብደት ጋር የሚመጣጠን ግፊት ያሳርፍበታል። በሩ ክፍት ሆኖ ሲቆም መሬት ላይ የሚያስረው መቀርቀሪያ አስፈላጊ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ተንሸራታች በርን በሚመለከት ግዴታ ተደርገው ሊወሰዱ የሚገባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ግን አንዳቸውም ሊጎድሉ አይገባም። በሐዲዱ ሁለቱም ጫፎች መሬት ውስጥ በኮንክሪት የተቀበረ ማቆሚያ ብረት ሊኖር ይገባል። በሩን ከላይ በግራና በቀኝ የሚይዙት መመሪያ ጎማዎች ቢያንስ በሁለት ቦታ ቢሆኑ፣ አንዱ ቢሰበር ሌላው በሩን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። በሐዲዱ ላይ ድንጋይና ጭቃ እንዳይጠራቀም ውኃ የሚወርድበት መስመር ይሠራለታል። ከተንሸራታች በሮች ጋር የሚያያዙት አሳዛኝ አደጋዎች አንድ ዓይነት መነሻ አላቸው፤ ማቆሚያው ስለሌለ ወይም ስለተነቀለ በሩ ከሐዲዱ ጫፍ አልፎ ይሄድና ገፍቶት በነበረው ሰው ላይ ይወድቃል። የሚገፋው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ልጅ ወይም ዘበኛው ነው። ስለዚህ ሥራው ተጠናቅቆ ቀሪው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት በሩን እስከ መጨረሻው በኃይል ገፍቶ መቆሙን ማየት ይገባል፤ ሙከራው በሚደረግበት ጊዜ ማንም በሩ ሊወድቅ በሚችልበት አቅጣጫ አይቆምም።

ወደ ላይ የሚጠቀለሉና በክፍል በክፍል የሚታጠፉ በሮች ክብደታቸውን የሚያስተካክልላቸው የተጠመዘዘ ሞላ ነው። ሞላው በሩ ተዘግቶ ሳለ ከፍተኛ ኃይል አምቆ ይይዛል። በጥገና ጊዜ ያለ ትክክለኛ መሣሪያ የሚፈታው ሰው እጁን ወይም ፊቱን ለከባድ ጉዳት ያጋልጣል። የቤቱ ባለቤት ሊያደርግ የሚችለው ምርመራ አንድ ነው። ሞተር ካለው ሞተሩን አላቅቆ በሩን በእጅ እስከ ግማሽ ድረስ ማንሣትና መልቀቅ፤ በሩ ባለበት ከቆመ ሚዛኑ ደኅና ነው፤ ከወረደ ወይም ከተወረወረ ሞላው ባለሙያ ይፈልጋል።

በሞተር የሚከፈቱ በሮች

ከውጭ የሚመጡ የበር ሞተሮች በገበያ እየበዙ ነው። በ220 ቮልት የሚሠሩ መሆናቸውን ማረጋገጥ የመጀመሪያው ነገር ሲሆን፣ ሁለተኛውና ዋናው የመከላከያ ዐይናቸው ነው። በአሜሪካ ከ1993 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለመኖሪያ ቤት የሚመረት የመኪና በር ሞተር በሩ ሥር ሰው ሲገኝ ወደ ኋላ የሚመልስ መከላከያ እንዲኖረው በሕግ የተደረገው በሞተር በር ተጨፍልቀው በሞቱ ሕፃናት ምክንያት ነው። በእኛ ገበያ ግን ሞተሩ ለብቻ፣ ዐይኑ ለብቻ የሚሸጥበት አጋጣሚ ስላለ «ዐይኑ ይቅርብኝ» ብሎ ዋጋ መቀነስ የሚቻል ይመስላል። ይህ ሊቀር የማይገባው ዕቃ ነው። ወደ ታች በሚዘጋ በር ላይ ዐይኑ ከወለሉ ከ15 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ከፍታ ይገጠማል፤ ከዚያ ከፍ ካለ የሚድኸውን ሕፃን አያይም። ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው እንጨት በበሩ ሥር ጋድሞ በሩን መዝጋት ይቻላል። በሩ እንጨቱን ነክቶ ወደ ላይ ካልተመለሰ ሥራው አላለቀም።

መብራት በሚቋረጥበት ጊዜ በሩን ከውስጥ በእጅ የሚከፍተው ማላቀቂያ የት እንዳለ የቤተሰቡ አባላት ሁሉ፣ የቤት ሠራተኛዋ ጭምር፣ ማወቅ አለባቸው። ግቢው ሌላ የእግረኛ በር ከሌለው ሞተር ባይገጠምበት ይመረጣል። እሳት ቢነሣ መብራቱ ቀድሞ ይጠፋል፤ የማይከፈተው በር ያኔ ወጥመድ ነው።

ክፍተቱን ማስፋት ወይም መድፈን

መኪና የገዛ ሰው የቤቱን ግድግዳ ቆርጦ መግቢያ ለማውጣት ሲያስብ ከግድግዳው በላይ ምን እንዳለ ማየት አለበት። ግድግዳው በዓምድና በወራጅ መካከል የተሞላ ብሎኬት ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። የድንጋይ ወይም የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ግን ጣሪያውን የተሸከመው ራሱ ግድግዳው ነው። ይህን ሳይደግፉ መቁረጥ ቤቱን በላይ ላይ መናድ ነው። አስቀድሞ በባሕር ዛፍ ወይም በብረት ድጋፍ ጣሪያው ይያዛል፤ ከዚያ ከክፍተቱ በላይ ፌሮ ያለው ሊንቴል በሁለቱም ወገን በቂ መቀመጫ ኖሮት ይሞላል፤ ኮንክሪቱ እስኪጠነክር ድረስም ድጋፉ አይነሣም። ኮንክሪት የታሰበለትን ጥንካሬ እንዳገኘ የሚቆጠረው በ28 ቀኑ ነው። ሠራተኛው በሳምንቱ «ደርቋል» ቢል የደረቀው ገጹ ነው።

ክፍተቱን መድፈን የሚቀልል ቢመስልም የራሱ ችግር አለው። በመኪና በር ሥር አብዛኛውን ጊዜ መሠረት የለም፤ ያለው የወለሉ ስስ ኮንክሪት ብቻ ነው። በላዩ የብሎኬት ግድግዳ ሲቆምበት ወለሉ ይሰምጣል፣ አዲሱና አሮጌው ግድግዳ በሚገናኙበትም ከላይ እስከ ታች ስንጥቅ ይወጣል። ወለሉን በግድግዳው ልክ ቆርጦ መሠረት መቆፈርና አዲሱን ብሎኬት ከነባሩ ዓምድ ጋር በፌሮ ማሰር ይህን ይከላከላል።

የመኪና ማሳደሪያ ወለል የሚሠራው ውኃ ወደ በሩ እንዲወርድ ተዳፋት ተደርጎ ነው። በሩ ሲደፈን ያ ውኃ መውጫ ያጣል፤ ወለሉም ከግቢው ዝቅ ያለ ከሆነ በክረምት ከውጭ የሚገባው ይጨመርበታል። ወለሉን ከፍ ማድረግና ከሥሩ እርጥበት የሚከላከል ፕላስቲክ ማንጠፍ እዚያ የሚያድረውን ሰው ከእርጥበትና ከሻጋታ ይጠብቀዋል። ከምንም በላይ ግን የአየር ጉዳይ ሊታሰብበት ይገባል። የመኪና ማሳደሪያ በተለምዶ መስኮት የለውም፤ አየር የሚያገኘው በበሩ ነው። በሩ ተደፍኖ ትንሽ የሰው መግቢያ ብቻ ሲቀር፣ ማታ ቡና የተፈላበት ከሰል ወይም ለሙቀት የገባ ምድጃ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያጠራቅማል። ጋዙ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛ ሰው አይነቃም። ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት የሌለው ክፍል ለማደሪያ ሊሰጥ አይገባም። ለዘበኛ ወይም ለቤት ሠራተኛ ሲሆን የሚቀር ነገር እንዳይመስል፣ አደጋው የሚደርሰው በብዛት በእነዚሁ ክፍሎች ነው። ከክፍሉ ጎን መኪና የሚያድር ወይም ጄኔሬተር የሚሠራ ከሆነም ሁለቱን የሚያገናኝ ቀዳዳ ሁሉ ሊደፈን ይገባል።

ከመድፈን በፊት ሌላም ሊታሰብ የሚገባው አለ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛው ሰው በዝቷል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ማደሪያ ብቻ ሳይሆን ሌሊቱን ኃይል የሚሞላበት ቦታ ይሻል። ከተለመደው የቤት ሶኬት በ10 አምፔር ሲሞላ በሰዓት የሚገባው 2.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከባዶ እስኪሞላ ቀኑን ሙሉ ሊቀርብ ነው። ይህን ከመንገድ ዳር በተዘረጋ ሽቦ ማድረግ አደገኛም የማይፈቀድም ነው። ዛሬ ለኪራይ ተብሎ የሚደፈነው ክፍል ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና በወጪ ሊከፈት ይችላል። የሚሞላበት መስመር ሲዘረጋም ከቆጣሪው ጀምሮ የራሱ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት መስመር ያለው መሆን አለበት።

ወደ ሱቅ ወይም ወደ ኪራይ ቤት ሲለወጥ

የአገልግሎት ለውጥ ፈቃድ የተገኘበት ክፍል ንግድ ሲጀመርበት የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ይከተላል። ባለቤቱ ራሱ ሳይነግድበት የሚያከራየው ከሆነ ገቢው በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሠንጠረዥ «ለ» መሠረት የኪራይ ገቢ ግብር ይከፈልበታል። ለመኖሪያ የሚከራይ ከሆነ ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ ተደርጎ መመዝገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት ያላነሰ መሆን አለበት። ፈቃድ ያልወጣለትን ክፍል ያከራየ ሰው በዚህ ምዝገባ ጊዜ ጥያቄ ሊነሣበት እንደሚችል፣ ተከራዩም ክፍሉ እንዲፈርስ ቢወሰን ማረፊያ እንደሚያጣ ሊታሰብ ይገባል። ተከራይ የሚሆን ሰው ውል ከመፈረሙ በፊት የለውጥ ፈቃዱን ለማየት ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

ከሠራተኛው ጋር የሚደረግ ውል

ከብረት ሠራተኛው ጋር የሚደረገው ስምምነት በጽሑፍ ይሁን። በውሉ ላይ የላሜራው ውፍረት በሚሊ ሜትር፣ የቱቦላሬው መጠን፣ የማጠፊያው ወይም የጎማው ብዛት፣ የጸረ ዝገት ቀለሙ ስንት ጊዜ እንደሚቀባና የዋስትናው ጊዜ ቢገለጽ ክርክር ይቀንሳል። በ1.5 እና በ1.2 ሚሊ ሜትር ላሜራ መካከል ያለው ልዩነት ቀለም ከተቀባ በኋላ በዐይን አይለይም፤ ውፍረቱ የሚለካው ብረቱ እንደመጣ ነው።

ብየዳው በቤቱ አጠገብ የሚከናወን ከሆነ ነዳጅ፣ የቡታጋዝ ሲሊንደር፣ ፍራሽና ካርቶን ከአካባቢው ይነሣሉ፤ ባልዲ ውኃና አሸዋ በቅርብ ይቀመጣል። የብየዳ ፍንጣቂ በኮርኒስ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲጨስ ቆይቶ ሊቀጣጠል ስለሚችል ሠራተኛው እንደሄደ ቤቱን ዘግቶ መውጣት አይገባም። በአዲስ አበባ እሳት ቢነሣ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ነፃ የጥሪ መስመር 939 ነው።

ከበሩ ውጭ የሚሠራው የመኪና መወጣጫም ከሥራው ጋር አብሮ ይታያል። የመንገዱን የጎርፍ ቦይ በድንጋይና በሲሚንቶ ሞልቶ መወጣጫ ማድረግ በክረምት ጎርፉን ወደ ጎረቤት ግቢ ይመልሰዋል፤ የእግረኛውን መንገድ ቆርጦ ከፍ ማድረግም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደውን ሰው ወደ አስፋልት ያስወጣዋል። መወጣጫው ቦዩን ሳይዘጋ፣ የእግረኛውን መንገድ ደረጃ ሳያፋልስ እንዲሠራ የከተማው መንገዶች አስተዳደር ፈቃድ ይጠየቃል።

ማመልከቻው ውድቅ የተደረገበት ተገልጋይ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠው መጠየቅ ይችላል። ጉድለቱ የንድፍ ከሆነ አስተካክሎ እንደገና ያቀርባል፤ በውሳኔው የማይስማማ ከሆነ በሕንፃ ሕጉ ለተቋቋመው የይግባኝ ሰሚ ቦርድ አቤቱታውን ያቀርባል። አቤቱታው እስኪወሰን ድረስ ሥራው አይጀመርም፤ የተጀመረም ካለ ባለበት ይቆማል።